አንድ ክፍል ቤት፦ የዝቅተኛ ገቢ ተከራይ ታሪክ በዓለም ከተማ

ዓለም ከተማ በሰሜን ሸዋ ዞን የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ከሙከጡሪ ተገንጥሎ በለሚ በኩል ያልፍና ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ጀማና ገባሩ ወንጭት ዙሪያውን ስለቆረጡት መርሐቤቴ ከላይ ሜዳ፣ ከዳር ገደል የሆነ አገር ነው። የከተማዋ የኪራይ ቤት ታሪክም ከዚህ አቀማመጥ ተነጥሎ አይታይም። ከቆላው ቀበሌ ለትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለክርክር ወይም ለቀን ሥራ ወደ ከተማ የሚወጣ ሰው ማታ ቤቱ ሊገባ አይችልም፤ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመክፈል አቅሙ ከሁሉ ያነሰው ነው።

ለማደሪያ ገንዘብ መክፈል በአካባቢው የቆየ ልማድ አይደለም። በመርሐቤቴም ሆነ በአጎራባቹ መንዝ የገበሬው ኑሮ በርስት ላይ የቆመ ነበር። ባለ ርስት ከአባቱ ወይም ከእናቱ ወገን በወረሰው መሬት ላይ ቤቱን ይሠራል፤ ልጁም ሲያገባ እዚያው አጠገቡ ጎጆ ይወጣል። ለቤት ሥራው የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው በገንዘብ የሚገዛ አልነበረም። በመንዝ ግድግዳው የአገሩ ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ ከሚባለው ደጋ የሚታጨድ ሣር ነበር። የጓሳ ሣር በ17ኛው መቶ ዘመን በተጀመረው የቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ የጋራ ሀብት ነው፤ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሲፈቀድ መብት ያላቸው ሁሉ ያጭዱታል። ጉልበቱ ከጎረቤት በደቦ ይገኛል። እንዲህ ባለ አገር ቤት የሌለው ሰው ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ርስት የሌለው ሰው ነበር፤ መጻተኛው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ። እነዚህ በባለ ርስት ፈቃድ ተጠግተው ይኖራሉ፤ ውለታውንም በእህል፣ በእጅ ሥራ ወይም በጉልበት ይመልሳሉ።

ለጊዜው ብቻ ማደሪያ የሚሻም በየወገኑ መላ ነበረው። የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ተብሎ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀመስለታል። የቆሎ ተማሪ ከደብሩ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ፣ በቀዬው እየዞረ በቃለ እግዚአብሔር ለምኖ ይማራል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ያርፋል። በግድ የሚገኝ ማደሪያም ነበር፦ አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ለሠራዊቱ ቀለብ የሚሆን አስራት እስኪደነግጉ ድረስ ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ ከገበሬው ማዕድ ይበላ ነበር። በጎውም ሆነ ክፉው ዓይነት ማደሪያ በዝምድና፣ በሃይማኖት ወይም በሥልጣን ይገኛል እንጂ የወር ሒሳብ አይታሰብበትም።

የወር ኪራይን ያመጣው ደመወዝ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አስተዳደሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ሲያደራጅ መርሐቤቴ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆነ፤ መቀመጫውም ዓለም ከተማ። አውራጃ ማለት ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ ግምጃ ቤት፣ ትምህርት ቤት ማለት ነው። ለእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ከሌላ አገር የሚላከው ጸሐፊ፣ መምህርና ፖሊስ በመርሐቤቴ ርስትም ዘመድም የለውም፤ በወሩ መጨረሻ ግን በእጁ ብር አለ። የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ ተከራዮች እነዚህ ናቸው።

አከራዮቹ እነማን ነበሩ የሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች ታሪክ ሲነገር ባለሥልጣኑና ነጋዴው በቅድሚያ ይነሣሉ። ይሁን እንጂ ከገጠር ተፈትታ ወይም ባሏ ሞቶባት ወጥታ፣ ጠላ ጠምቃ ወይም አረቄ አውጥታ፣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ሁለት ክፍል ቤት ያቆመች ሴት ከተማውን ከተማ ካደረጉት አንዷ ናት። ፊት ለፊቱን ለንግዷ፣ ጓዳውን ለራሷ ታደርግና ጥቂት ቆይታ ከጓሮ አንድ ክፍል ትቀጥልበታለች። ያቺ የጓሮ ክፍል የተከራይ ናት። በአነስተኛ ከተማ ውስጥ ለድሃ የሚሆን ቤት በብዛት የመጣው ከባለ ሀብት ሳይሆን ከተከራዩ ብዙም ከማትሻል ባለቤት ነው። ይህ ነገር በኋላ የወጡትን ሕጎች ሁሉ ለመመዘን ይጠቅማል፤ ሕጎቹ አከራይን ሲያስቡ ባለ ብዙ ቤቱን ከበርቴ ነበርና የሚያስቡት።

ቤቱ ራሱም ርካሽ እንዲሆን ያደረገው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ አገር ገብቶ በሸዋ ደጋ በፍጥነት የተስፋፋው ይህ ዛፍ ቋሚውንም፣ ማገሩንም፣ ወራጁንም ቻለ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ እስኪበስል ይቆያል፤ ከዚያ ይመረጋል፣ ሲደርቅ ይለሰናል። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ቆርቆሮ ክዳን ሣሩን እየተካ ሲመጣ ከቤቱ ወጪ ትልቁ እሱ ሆነ፤ አንድ ክፍል ለመጨመር የሚያስብ ባለቤት መጀመሪያ የሚያሰላው ስንት ቅጠል ቆርቆሮ እንደሚፈጅ ነው። ጥሩ ምርጊት ያለው የጭቃ ቤት በየዓመቱ እየተጠገነ ዐሥርት ዓመታት ይቆማል። ጥገናው ሲቋረጥ ግን ጠርዙ በክረምት ዝናብ ይበላል፣ ቋሚው በምስጥ ይፈርሳል። ኪራይ እንግዲህ የጥገና ዋጋም ነው፤ ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል የቀበሌ ቤቶች ታሪክ አሳይቷል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። የኪራዩን ልክ በመሠረቱ ለተዋዋዮቹ ስምምነት የተወ ሕግ ነው። እንደ ዓለም ከተማ ባለ ቦታ ስምምነቱ በቃል ነበር፤ ሁለት ሽማግሌ ከተገኘ ይበቃል። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ እየከረረ ሄደ። ሰፊው የከተማ መሬት በጥቂት መኳንንትና በቤተ ክርስቲያን እጅ ስለነበር ብዙ ሰው ቤቱን ይከራያል፤ ቤት የሠራውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የቆመበትን መሬት ይከራያል። የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ የከተማ ቤት ጥያቄ «መሬት ለአራሹ» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን የቆመው በዚህ የተነሣ ነው።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። አዋጁ የከተማን ቦታ ሁሉ ያለ ካሣ ወሰደ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ፈቀደ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ትርፍ ቤት አለ። ቤት ለመሥራት ለሚፈልግ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጥ ደነገገ። የወር ኪራይ ደግሞ ቤቱ እንደሚያወጣው ዋጋ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ከሁሉ በላይ የተቀነሰው የዝቅተኛው ቤት ኪራይ ነው። አሥር ብር ይከፍል የነበረ የቀን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ አምስት ብር ከፋይ ሆነ። በአገሪቱ ታሪክ ለድሃ ተከራይ እንዲህ ያለ እፎይታ በአንድ ቀን ወርዶ አያውቅም፤ በዚያ ዘመን ተከራይ የነበሩ ሰዎች አዋጁን ዛሬም በመልካም የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም።

የተወረሱት ቤቶች ለሁለት ተከፈሉ። ኪራያቸው 100 ብርና ከዚያ በላይ የሆነው ለማእከላዊው መንግሥት፣ በኋላም ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከ100 ብር በታች የሆነው በአዋጁ ለተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጠ። በአውራጃ ከተማ 100 ብር የሚያወጣ ቤት እምብዛም አይገኝምና በእነዚህ ከተሞች የተወረሰ ቤት ማለት ከሞላ ጎደል የቀበሌ ቤት ማለት ሆነ። እዚህ ላይ ነው አዋጁ ከአነስተኛ ከተማ እውነታ ጋር የተጋጨው። በመዲናዋ ትርፍ ቤት የተወሰደበት ሰው መቶ ቤት የነበረው ባለ ርስት ሊሆን ይችላል። በወረዳና በአውራጃ ከተሞች ግን የጓሮ ክፍሏን በወር በጥቂት ብር ታከራይ የነበረች ጠላ ሻጭም ትርፍ ቤት አላት ተብላለች። አዋጁ መተዳደሪያቸው ኪራይ ብቻ ለነበረ ሰዎች የወር ድጎማ እንዲከፈል ማዘዙ ሕግ አውጪዎቹ ይህን ጨርሰው እንዳልዘነጉት ያሳያል። ድጎማ ግን ቀጣዩን ክፍል አይሠራም።

የቀበሌ ቤት አስተዳደር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዙ ቦታ የሚያስመሰግን ሥራ ነበረው። ኪራዩ እዚያው ለሰፈሩ ሽንት ቤት፣ ለውሃ ቦኖ፣ ለእህል ሱቅ ይውላል፤ የቤት ክርክር በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ይታያል፤ ተከራይን ማንም ከመሬት ተነሥቶ አያስወጣውም። ኪራዩ ግን በዚያው በ1967ቱ ልክ ቆሞ ቀረ። ከአሥር ብር በታች የሆነ የወር ኪራይ ለብዙ ቤቶች ሠላሳና አርባ ዓመት ሳይለወጥ ቀጠለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የአንድ ቅጠል ቆርቆሮ ዋጋ ከቤቱ የብዙ ዓመት ኪራይ በለጠ። ቀበሌው የሚጠግንበት ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ ያለ ፈቃድ መጠገን አይችልም፣ ፈቃዱም በቀላሉ አይገኝም። የጭቃ ቤት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የቀበሌ ቤት ዋጋው እንደረከሰ ቀረ፤ ቤትነቱ ግን በየክረምቱ እየተሸረሸረ ሄደ። ያም ሆኖ የያዘው ሰው አይለቀውም። ሲሞት ለልጁ ያስተላልፋል፣ ልጁ ሲሻለው ደባል ያስገባበታል። አዲስ የመጣው ድሃ የዚህ ጥቅም ተካፋይ አልነበረም።

አዲስ መጪው የት ይደር? አዋጁ ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ እንዳያገኝ ከልክሏል። ሕዝቡ ያገኘው መውጫ ደባልነት ነው። ደባል በወረቀት ላይ አብሮ ነዋሪ ነው፤ አንዳንዴ የአጎት ልጅ፣ አንዳንዴ የክርስትና ልጅ ይባላል፤ በተግባር ግን ለመደቡ ወይም በመጋረጃ ለተከፈለው ጥግ በየወሩ ይከፍላል። ከአብዮቱ በፊት ስሙም ዋጋውም በግልጽ ይጠራ የነበረው ኪራይ ወደ ሹክሹክታ ገባ። የደባል ድክመት ሕግ የማያውቀው መሆኑ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ቃል ከተለዋወጠ ዕቃውን ይዞ ከመውጣት በቀር አቤት የሚልበት የለም። መንግሥትም ችግሩን ተመልክቶ በ1978 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 292 የከተማ ቤት አሠራርንና አጠቃቀምን አሻሻለ፤ በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የግል ሀብት ገደቦች ላሉ። እስከዚያ ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ለኪራይ ተብሎ የተሠራ የግል ክፍል እጅግ ጥቂት ነበር። የ1967ቱ አዋጅ የነበሩትን ቤቶች ለድሃው አከፋፈለ፤ ገና የሚሠሩትን አስቀረ። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱን ጠቅሶ ሌላውን መተው የታሪኩን ግማሽ መተው ይሆናል።

የቪየና ታሪክ ለንጽጽር ይጠቅማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የወጣው የተከራይ ጥበቃ ሕግ በዚያም ከተማ ኪራይን አግዶ የግል አከራይ አዲስ ቤት መሥራት እንዲያቆም አድርጎ ነበር። የከተማው አስተዳደር ግን በዚያ አልቆመም፤ በዋነኛነት ከባለ ሀብቶች በሰበሰበው የቤት ግብር እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 በላይ መኖሪያዎች ራሱ ሠራ። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ቤቱም በዛ። ኢትዮጵያ በ1967 የመጀመሪያውን እርምጃ ስትወስድ ለሁለተኛው የሚሆን ገንዘብም ሰላምም አልነበራትም። ጦርነትና ድርቅ በተፈራረቁባቸው በእነዚያ ዓመታት አውራጃ ከተማ ውስጥ ለድሃ የኪራይ ቤት ሊገነባ የሚችል አካል አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አውራጃ የሚባለው እርከን ቀረ፤ መርሐቤቴ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን ሥር ወረዳ ሆነ፤ የዞኑ መቀመጫም ደብረ ብርሃን። በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ቤቶች ለቀድሞ ባለቤቶቻቸው አልተመለሱም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና፤ የከተማ ቦታ ደግሞ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች በሊዝ ሥርዓት ተያዘ። የግል ኪራይ ግን ነፃ ሆነ። ያ ብቻውን በዓለም ከተማ የጓሮ ክፍሎችን ወደ አደባባይ ለማውጣት በቂ ነበር።

ለእነዚህ ክፍሎች ፈላጊ ያመጣው ሌላ ክስተት ነው። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርል ሀይንዝ በም የመሠረቱት ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በ1980ዎቹ አጋማሽ በመርሐቤቴ ሥራ ጀመረ። የጀማን ሸለቆ አቋርጦ ከለሚ የሚመጣው መንገድ ተሠራ፤ በከተማዋ እናት ሆስፒታል ቆመ፤ ትምህርት ቤቶች ተገነቡ። ከዚያ በፊት ገደሉን በእግርና በበቅሎ ይወጡ ለነበሩ ሰዎች ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሆነ ለመናገር ቃል ያጥራል። መንገዱ ሾፌርንና ነጋዴን፣ ሆስፒታሉ ነርስን፣ ሕመምተኛንና አስታማሚን፣ ግንባታው አናጺንና የቀን ሠራተኛን ይዞ መጣ። ሁሉም ማደሪያ ይፈልጋል። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ ነበር፤ አገልግሎቱን ፍለጋ ለሚመጣው ሰው ግን ማደሪያ የተገኘው እንደ ድሮው ከነዋሪው ጓሮ ነው።

ሰርቪስ የሚባሉት ክፍሎች የተበራከቱት በዚህ ዘመን ነው። ቦታ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ዋናውን ቤት አያነሣም፤ ከአጥሩ ጥግ ተያይዘው የሚሠሩ ሦስት ወይም አራት ክፍሎችን ያቆማል፣ በአንዷ ራሱ ይገባል፣ የቀሩትን ያከራያል፣ በኪራዩ ዋናውን ቤት ዓመታት ወስዶ ይገነባል። እያንዳንዷ ክፍል ባለ አንድ በርና ባለ አንድ መስኮት ናት። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ውሃው ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ይቀዳል፤ የመብራት ቆጣሪ አንድ ስለሆነ ሒሳቡ በአምፖል ወይም በሰው ቁጥር ይከፋፈላል። ጠብ የሚነሣው ከኪራዩ ልክ ይልቅ በእነዚህ ነው፦ ካውያ ሰካህ፣ ምድጃ ሰካሽ፣ እንግዳ አበዛህ፣ አምሽተህ በር አስከፈትህ። አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ ዋጋው ከሰውየው ጠባይ አይለይም። ጨዋ ነው፣ ዋስ አለው የተባለ ተከራይ ቅናሽ ያገኛል፤ ልጅ የበዛባት እናት ግን ክፍሉ ባዶ ሆኖ እያለ «ተይዟል» ትባላለች። በዝቅተኛ ገቢ ቤት ፈላጊ ለሆነ ሰው ከብሩ ቀጥሎ የሚከብደው ይህ ነው። በአነስተኛ ከተማ ደላላው ብዙ ድርሻ የለውም፤ ቤት የሚገኘው በዘመድ፣ በአገር ልጅ፣ በዕድርተኛና በቡና ጎረቤት አፍ ነው። አገናኝ የሌለው መጤ ለዚያው ክፍል የበለጠ ይከፍላል።

ከተከራዮቹ ሁሉ ብዙ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ተማሪው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በየገጠር ቀበሌው ሲስፋፋ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ ቁጥር ጨመረ፤ ሁለተኛ ደረጃው ግን ከተማ ነው። ከጀማና ከወንጭት አፋፍ በታች ያለ ልጅ በየቀኑ ወጥቶ መውረድ አይችልምና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ቤት ይከራያል። ሦስት፣ አራት ወይም አምስት የአንድ ቀዬ ልጆች አንድ ክፍል ይይዛሉ። አባት ወይም ታላቅ ወንድም አብሮ መጥቶ አከራይቱን ያነጋግራል፤ ስለ ብሩ ያነጋግራል፣ ከብሩ ይልቅ ግን አደራ ይላል። «እንደ ልጅሽ እያቸው» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ይከብዳል፤ አከራይቱም በዚያ ቃል ሳቢያ ልጅ ያመሸበትን ትጠይቃለች፣ ሲታመም አጥሚት ታበስላለች።

የእነዚህ ልጆች ኑሮ በስንቅ የተመሠረተ ነው። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ አገር ቤት ይወረዳል፤ እሑድ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ተሸክሞ ይወጣል። እንጀራው እስከ ሳምንቱ አጋማሽ ይሻግታል፤ ከዚያ ወዲያ ድርቆሽና በሶ ነው። ኪራዩ የሚከፈለው ከእህል ሽያጭ ወይም ከአንድ በግ ስለሆነ መስከረም ላይ፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ፣ ብር የለም። አስተዋይ አከራይ እስከ ጥር ትታገሣለች። ክረምት ሲገባ ልጆቹ ለእርሻ ሥራ ይመለሳሉና ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ የሁለቱን ወር ኪራይ ማን ይሸከም የሚለው በየዓመቱ አዲስ ድርድር ነው። ለሴት ልጅ ክፍል ለመከራየት የሚፈሩ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ቁልፍ በማይይዝ በር ኋላ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር የምታድር የ15 ዓመት ልጅ ለሚደርስባት ነገር ማንም ኃላፊነት ወስዶ አያውቅም፤ ዘመድ ቤት ስትጠጋም ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሆና ትቀራለች። የሴት ልጆች ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የሚቋረጥበት አንዱ ምክንያት የኪራይ ክፍሉ ነው። ትምህርት ቤት ለመገንባት የተደከመውን ያህል ለተማሪ ማደሪያ አለመታሰቡ ትልቅ ጥፋት ነው።

በአገር ደረጃ የተነደፈው የቤት ልማት ፕሮግራም እዚህ አልደረሰም ማለት ይቻላል። ጅማሮው በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ገርጂ ለሙከራ በተሠሩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች (ኮንዶሚኒየም) ነው። ኮንዶሚኒየሙ ከዚያ ተነሥቶ በብዙ መቶ ሺህ ሰው ምዝገባ ሰፋ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ቅድሚያ ክፍያውና እንደ ባንክ ዕዳው ድርሻ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተብሎ ተመደበ። ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቶ ለጥቂት ዓመታት ተሞክሮ ቆመ። በመሠረቱ የባለቤትነት ፕሮግራም ነው፤ ቅድሚያ ክፍያና የባንክ ዕዳ ይጠይቃል። ዕጣ የወጣላቸው ድሆች ራሳቸው ወርሃዊ ዕዳውን ለመክፈል ቤቱን አከራይተው ወደ ርካሽ ሰፈር የሄዱበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ገቢው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው የሚፈልገው ግን የሚከራየው ቤት ነው፤ መንግሥት ከ1967 በኋላ ለድሃ የሚከራይ ቤት በስፋት አልሠራም።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲፈጸም ይደነግጋል። በአዲስ አበባ በየስድስት ወሩ ኪራይ ሲጨመርበት ለኖረ ተከራይ ይህ ትልቅ ከለላ ነው። አዋጁ የሚጸናባቸውን ከተሞች የመወሰን ነገር ለክልሎች ተትቷል።

ወደ ዓለም ከተማ ጓሮ ሲመጣ ግን የሕጉ ልብስ ሰውነቱን አይመጥንም። ተማሪው የሚከራየው ለአሥር ወር ነው፤ ሁለት ዓመት አይደለም። ዕድሜው ከ18 በታች ስለሆነ በራሱ ስም መዋዋል አይችልም፤ የሚዋዋልለት አባት ቆላ ነው። አምስት ልጆች የሚካፈሉት ክፍል ተከራይ አንድ ነው ወይስ አምስት? አከራይቱም ምዝገባን የምትፈራበት ምክንያት አላት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ ያደረገው የኪራይ ገቢ በዓመት እስከ 7,200 ብር ነበር፤ ይህ በወር 600 ብር ነው። ሁለት የጭቃ ክፍል ያላት ባልቴት ከዚያ ልክ በቀላሉ ታልፍ ነበር። የተመዘገበ ውል ወደ ግብር ከወሰዳት ሁለት ምርጫ አላት፤ ወይ ግብሩን በተከራዩ ላይ ትጨምራለች ወይ ክፍሏን ዘግታ እህል ታስቀምጥበታለች። እንደ እርሷ ላሉ ባለ አንድና ባለ ሁለት ክፍል አከራዮች ቀለል ያለ የራሳቸው ደንብ ቢኖር ተከራዩም ይጠቀማል፤ አንድ ገጽ ውል፣ የትምህርት ዘመንን የሚከተል ጊዜ፣ ከግብር ነፃ መሆን።

የኪራይ አዋጁ ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ የግንባታ ዋጋ ሌላ መልክ ያዘ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ቆርቆሮም፣ ሚስማርም፣ ሲሚንቶም ተከትለው ተወደዱ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ደግሞ የተወደደውም አይገኝም። የመንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ደመወዝ የሌለው የቀን ሠራተኛና ተማሪ ግን የጭማሪው ተካፋይ ሳይሆን በዚያው ገበያ ይከራያል። በዞኑ መቀመጫ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው፣ በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢንዱስትሪ ፓርክና ከግጭት የሸሹ ተፈናቃዮች በአንድ ላይ ያመጡት የኪራይ ጫና ለአነስተኛዎቹ ከተሞችም ምን ሊመጣ እንደሚችል ያመለክታል።

በአሁኑ ጊዜ በክልሉ ከተሞች አዲስ የኪራይ ክፍል በብዛት የሚወጣው ከቤት ሥራ ማኅበራት ቦታ ነው። መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ይወስዳሉ፤ እንደተለመደው ሰርቪሱን አስቀድመው ያቆማሉ። በዚህም የትናንቱ ደመወዝተኛ ተከራይ የዛሬ አከራይ ይሆናል፣ የለቀቃትንም ክፍል ሌላ ይገባባታል። በማኅበር ለመደራጀት ግን ቋሚ ገቢ፣ በባንክ የተቀመጠ ቁጠባና የከተማ ነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። የቀን ሠራተኛው ቁጠባ የለውም፤ ጠላ ሻጯ የደመወዝ ማስረጃ አታመጣም፤ የቆላው ተማሪ መታወቂያው የገጠር ቀበሌ ነው። ለሦስቱም የቀረው ቤት የሌሎች ሰርቪስ ነው፣ ዋጋውንም የሚወስነው በየዓመቱ በከተማዋ የሚሠራው ክፍል ብዛት ነው።